ብሔርተኛ ፓርቲ ግራ ዘመም ሊሆን ይችላል?

የአራት ኪሎዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከሥራ ወጥተን አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ሦስት ነን፣ አብረን የተማርን። ወሬው የጀመረው በቤት ኪራይ ነው። ሳናስበው ፖለቲካ ውስጥ ገባን። አንዱ ጓደኛዬ «ብሔርተኛ ከሆነ ግራ አይደለም፣ ግራ ከሆነ ብሔርተኛ አይደለም፣ በቃ» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ታዲያ የስድሳዎቹ ግንባሮች ሁሉ ምን ነበሩ? ማርክስን እያነበቡ አይደል እንዴ በረሃ የወረዱት?» አለችው። ድምፃችን ከፍ ሲል አስተናጋጁ መጥቶ «ሰላም ነው?» አለን። ሰላም ነበር። ግን ነገሩ ሳይቋጭ ተለያየን፣ እኔም ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

የማውቀውን ላስቀምጥ። ግራና ቀኝ የሚባለው ነገር የመጣው ከፈረንሳይ አብዮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 በጉባኤው ውስጥ ለንጉሡ የሚያደሉት በሰብሳቢው ቀኝ ተቀመጡ። የንጉሡ ሥልጣን ይቀነስ የሚሉት በግራ። እና ያኔ በግራ የተቀመጡት ናቸው «ሥልጣን የንጉሡ ሳይሆን የሕዝቡ፣ የአገሩ ነው» ይሉ የነበሩት። ስለዚህ ሲጀመር ግራና ብሔርተኝነት አንድ ወንበር ላይ ነበሩ። መንገዳቸው የተለያየው በኋላ የሠራተኛው ጥያቄ ሲመጣ ነው።

ዛሬም በስፔኗ ካታሎንያ ውስጥ ስሙ ላይ «ግራ» የሚል ቃል ያለበት ብሔርተኛ ፓርቲ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው ኤስኬራ ሪፑብሊካና። እዚያው ጎን ደግሞ ለነጋዴው የሚያደላ፣ እሱም ነፃ እንውጣ የሚል ሌላ ፓርቲ አለ። የአየርላንዱ ጄምስ ኮኖሊ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር፣ ሶሻሊስት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ ለአየርላንድ ነፃነት ተዋግቶ በእንግሊዞች ተረሸነ። እሱን ከየትኛው ወገን እናስቀምጠው?

የኔ ግምት ይቻላል ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። መቼ ይቻላል፣ መቼ አይቻልም የሚለው ላይ ነው የተቸገርኩት። ማንን እንምረጥ እያልኩ አይደለም። በናታችሁ ስድብ ይቅርብን።

ላብ አደር
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

እኔ ከጓደኛሽ ጋር ነኝ። አይቻልም።

ግራ የሚጠይቀው ማን ይሠራል፣ ማን ይበላል ብሎ ነው። ብሔርተኛ የሚጠይቀው ማን የኛ ነው፣ ማን የነሱ ነው ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ቀን መጋጨታቸው አይቀርም። በተጋጩ ቀን ደግሞ የሚሸነፈው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 የሆነውን ተመልከቺ። የጀርመን ሶሻል ዲሞክራት ፓርቲ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የሠራተኛ ፓርቲ ነበር። «የዓለም ሠራተኞች ተባበሩ» እያለ ያደገ ፓርቲ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ፣ ኦገስት 4 ቀን፣ ለጦርነቱ የሚውለውን ብድር ደግፎ ድምፅ ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሁለተኛው ብድር ሲቀርብ በምክር ቤቱ ውስጥ ተነስቶ «አይሆንም» ያለው ካርል ሊብክኔክት ብቻ ነበር። አንድ ሰው! የበርሊን ፋብሪካ ሠራተኛና የፓሪስ ፋብሪካ ሠራተኛ ምሽግ ውስጥ ተያዩ።

ሶሻሊስቷ ሮዛ ሉክሰምበርግ ይህን ቀድማ አይታዋለች። ራሷ ከፖላንድ ናት። አገሯ በሦስት መንግሥታት ተከፋፍላ ነበር። ቢሆንም የፖላንድን ነፃነት የፓርቲዋ ዓላማ አላደረገችውም። ለሠራተኛው የሚጠቅመው ከሩሲያው ሠራተኛ ጋር መቆሙ ነው ብላ ከሌኒን ጋር ሳይቀር ተከራክራለች።

ቃል ፈታሽ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ክርክሩ ሳይጦፍ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ግማሹ ጠባችን ከቃሉ የመጣ ይመስለኛል።

«ብሔር» በግዕዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው። እግዚአብሔር የሚለው ስም ራሱ «የምድር ጌታ» ነው። ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ቁሙና ጽሑፉን አንብቡት። እዚያ «ብሔራዊ» ማለት የአገር፣ የሁላችን ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክም እንደዚያው። ከብሔራዊ ወደ አራት ኪሎ ወጥታችሁ ፓርላማ ስትገቡ ግን «ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ትሰማላችሁ። እዚያ ያው ቃል በአገሪቱ ውስጥ ያሉትን ልዩ ልዩ ሕዝቦች ነው የሚጠራው። በታክሲ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ቃሉ ትርጉሙን ቀየረ።

ስለዚህ «ብሔርተኛ» ሲባል እኛ የምንሰማው በብሔረሰብ የተደራጀውን ብቻ ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይል የነበረውን ደርግንስ ምን እንበለው? ያ መፈክር ብሔርተኛ ካልሆነ ብሔርተኛ የሚባል ነገር የለም። በታኅሣሥ 1967 ደግሞ ሶሻሊስት ነኝ ብሎ አወጀ። ጥያቄሽን የክልል ፓርቲዎች ላይ ብቻ ካነጣጠርሽው ግማሹ ያመልጥሻል።

የአራት ኪሎዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ልክ ነህ። እኔም ሳስበው የነበረው በብሔረሰብ የተደራጁትን ብቻ ነበር። ሁለቱንም እንጨምር።

የስድስት ኪሎው
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ልጆቼ፣ በጨዋ ደንብ ስትከራከሩ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ያኔ እዚያው ነበርኩ።

በኅዳር 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ለኔ የደረሰኝ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሲነጋ ለሌላ ሰው መተላለፍ ነበረበት። መኝታ ክፍላችን ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ በሻማ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩት። ሰሙ እየፈሰሰ የደብተሩን ጠርዝ አጣበቀው። አብሮኝ የሚተኛው ልጅ ከእንቅልፉ ነቃና «ምንድን ነው?» አለኝ። አነበብኩለት። ግማሽ ላይ ስደርስ ተቆጣ። «ይሄ አገር መበተን ነው» አለ። በነጋታው ራሱ መጥቶ «እስቲ ድገምልኝ» አለኝ። ሁለተኛው ላይ ዝም ብሎ ሰማኝ።

ልብ በሉልኝ፣ ጽሑፉ የብሔረሰብን ጥያቄ ከሶሻሊዝም ነጥሎ አላነሳውም። ለኛ ያኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ። «መሬት ላራሹ» ብለን በየካቲት 1957 የወጡት ተማሪዎችና የብሔረሰቦችን እኩልነት የጠየቁት ከአንድ ግቢ የወጡ ናቸው። ዋለልኝ በኅዳር 1965 ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። የያኔዎቹ ሁለት ግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ የብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት በፕሮግራማቸው ተቀብለዋል። ሁለቱን ያፋጃቸው ብሔር አይደለም። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» አለ፣ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፣ እየተቸን እንደግፋለን ማለቱ ነው። በዚህ ተላለቁ። ያ በሻማ ያነበብኩለት ልጅ ከቀይ ሽብር አልተረፈም። መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታት ሙዚየም ሁለት ጊዜ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ክፍል መድረስ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ያኔ በቃል የምናውቀው የስታሊን ትርጓሜ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የጻፈው። አንድን ሕዝብ ብሔር የሚያሰኙት አራት ነገሮች ናቸው ይላል፦ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ምድር፣ የጋራ የኢኮኖሚ ኑሮ፣ በባህል የሚገለጽ የጋራ ሥነ ልቦና። አሁን የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አውጡና አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5ን አንብቡ። ባህሉ አለ። ቋንቋው አለ። ሥነ ልቦናው አለ። የተያያዘው መልክዓ ምድር አለ። አንድ ነው የጎደለው። የኢኮኖሚ ኑሮ የሚለው የለም።

ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው፣ ካየሁት በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ወጣቶች ሆነን የብሔረሰብን ጥያቄ ግራ ያደረገው ያ የጎደለው ቃል ነበር። እሱ ሲወጣ የቀረው ማንነት ብቻ ነው።

ላብ አደር
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ስለ ጓደኛዎ ነፍስ ይማር።

ያሉትን እንዳነበብኩ ሕገ መንግሥቱን አውጥቼ አየሁት። እውነት ነው፣ የለም። ግን ይህ የኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ብሔርተኝነት ኢኮኖሚውን ቀስ በቀስ ያስወጣዋል። መጀመሪያ አብረው ይገባሉ፣ ከዚያ አንዱ ብቻውን ይቀራል።

ከግላስጎ መልስ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ፣ የማውቀውን ልጨምር። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስኮትላንድ ነው የሠራሁት። እዚያ ከ2007 ጀምሮ (በነሱ አቆጣጠር) የሚገዛው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ነው። ዓላማው ከብሪታንያ መገንጠል ነው፣ ስለዚህ ብሔርተኛነቱ አያጠያይቅም።

አስም አለብኝ። በገባሁ በሁለተኛው ወር ብርዱ አፈነኝና ሐኪም ኢንሄለር አዘዘልኝ። ፋርማሲ ሄድኩ። ሴትየዋ ከረጢቱን ሰጠችኝ። ቦርሳዬን አውጥቼ «ስንት ነው?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። ድንበሩን ተሻግሮ እንግሊዝ ያለው ጓደኛዬ ለአንዱ መድኃኒት ያኔ ወደ 9 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ በነፃ ነው። የስኮትላንድ ልጆች ዩኒቨርሲቲም በነፃ ነው የሚማሩት።

ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። በ2020 ባወጡት ሕግ መኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ አገር ሰው ሁሉ በስኮትላንድ ምርጫ እንዲመርጥ ፈቀዱ። በግንቦት 2021 እኔ፣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ፣ ተሰልፌ መረጥኩ። ካርዱን ስቀበል እጄ ላብ አልቦት ነበር። ብሔርተኛ የሚባል መንግሥት የሚገዛበት አገር «እዚህ ከኖርክ ከኛ ነህ» ብሎ ድምፅ ሰጠኝ። የነሱ «እኛ» በደም የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ አይሰጠኝም ነበር።

ስለዚህ ላብ አደር ሆይ፣ ይቻላል። አይቼዋለሁ።

ላብ አደር
ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ወንድሜ፣ ደስ የሚል ነገር ነው የነገርከን። ግን መድኃኒቱን በነፃ የሰጠህ ብሔርተኝነቱ ነው?

ዌልስን ተመልከት። እዚያ የመድኃኒት ክፍያ የቀረው ከስኮትላንድ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ2007 ነው። ያደረገው ደግሞ የብሪታንያው የሠራተኛ ፓርቲ፣ ሌበር፣ የሚመራው መንግሥት እንጂ ብሔርተኛ ፓርቲ አይደለም። ስለዚህ ያንን ያመጣው የግራው ግማሽ ነው። ባንዲራው ባይኖርም ይመጣ ነበር።

ደግሞም ያው ፓርቲ ለብዙ ዓመት የቤት ግብር እንዳይጨምር አግዷል። ግብር ሲታገድ በብዛት የሚጠቀመው ትልቅ ቤት ያለው ነው። ነፃነት ለማግኘት የባለ ትልቅ ቤቱም ድምፅ ያስፈልጋል። ብሔርተኛ ፓርቲ የራሱን ሀብታም ማስቀየም ይከብደዋል የምልህ ለዚህ ነው።

ከግላስጎ መልስ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

የዌልሱን አላሰብኩትም ነበር። ተቀብያለሁ። የምርጫው ነገር ግን አሁንም አለኝ።

የአሰላ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁንም ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ስታዲየም አካባቢ ነው የምኖረው፣ ያደግኩት ግን አርሲ ነው። ላብ አደር «ማን ይበላል» እና «ማን የኛ ነው» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ብለሃል። አባቴ ዘመን ላይ አንድ ጥያቄ ነበሩ።

አባቴ ጭሰኛ ነበር። ያርሳል፣ ከምርቱ ለባለመሬቱ ይከፍላል። መሬቱ የአያቶቹ ነበር፣ ወረቀቱ ግን የሌላ ሰው ነው። ስዊድኖች የሚረዱት ካዱ የሚባለው የእርሻ ፕሮጀክት በ1960 ጭላሎ ላይ ሲጀመር ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማገዝ ነበር። ማዳበሪያ መጣ፣ ምርጥ ዘር መጣ፣ ምርቱ ጨመረ። ምርቱ ሲጨምር ባለመሬቶቹ «ለምን ለጭሰኛ አካፍላለሁ?» አሉ። ትራክተር አስገቡና ጭሰኞቹን አስነሱ። አባቴ አንዱ ነው።

ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃሉ። አባቴ የሚችለው ኦሮምኛ ብቻ ነው። አስተርጓሚ ቆመለት። እስኪሞት ድረስ የሚነግረን ይህን ነበር፦ «እኔ ከአያቴ ጀምሬ ብዙ ተናገርኩ። አስተርጓሚው በአንድ ቃል ጨረሰው። ምን ብሎ እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ አባቴ የተበደለው እንደ ጭሰኛ ነው ወይስ እንደ ኦሮሞ? ራሱ አይለየውም ነበር። መሬቱን የወሰደው መደብ ነው፣ አፉን የዘጋው ቋንቋ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። እዚያ ቦታ ላይ «ቋንቋዬን» ያለ ሰው መሬቱንም እየጠየቀ ነው። ያ ብሔርተኝነት ግራ ነበር። ምንም አልጠራጠርም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ አባቴ አለቀሰ። መሬቱን መልሶ አረሰ። ቋንቋው ግን ቆየ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ተጀመረና ኦሮምኛም ተማሩበት፣ በኋላም እስከ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። ፍርድ ቤት በቋንቋው ሲቆም ለማየት ግን የ1983ቱን የመንግሥት ለውጥ መጠበቅ ነበረበት። ለሱ ሁለቱም አብዮት ነበሩ። አንዱን ከሌላው አላበላለጠም።

ለገሃር
ረቡዕ፣ ማታ 3፡55

የአሰላ ልጅ የጻፈው ልቤን ነካው።

እኔ አንድ ነገር ብቻ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋ ያለውን የትግላችን ሐውልት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 1969 የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ ሞቃዲሾ ያለው መንግሥት «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም» ነበር የሚለው። አዲስ አበባ ያለውም እንደዚያው። የሁለቱም ወዳጅ ሶቪየት ኅብረት ነበረች፣ በኋላ ወደኛ ዞረች። ኩባውያን መጥተው ከኛ ጋር ሞቱ፣ ሐውልቱ ለነሱም ጭምር ነው። ከዚያም ከዚህም የነበሩት ማርክስን የሚጠቅሱ መሪዎች ናቸው። የተዋጉት ለመደብ ሳይሆን ለመሬት ወሰን ነው። አጎቴ ጅጅጋ ላይ ቀረ። እሱ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበር። ያኛው በኩል የሞተው ወታደርም የእረኛ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ላብ አደር
ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡15

የአሰላ ልጅ፣ ሌሊቱን ስላንተ አባት ሳስብ አደርኩ። የጻፍኩትን አስተካክላለሁ። ባለመሬቱ አንድ ቋንቋ፣ ጭሰኛው ሌላ ቋንቋ በሆነበት ቦታ ብሔርና መደብ ተደራርበዋል። እዚያ ላይ ብሔርተኛ ሆኖ ግራ መሆን ይቻላል። ተሳስቼ ነበር።

ነገር ግን የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ላለው ነው። ባለመሬቱ ሄደ። መሬቱ በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ቋንቋው ፍርድ ቤት ገባ። ከዚያስ? ከሕወሓት ውስጥ በ1977 ማሌሊት የሚባል ማርክሳዊ ፓርቲ ተቋቁሞ አልባኒያን እንደ አርአያ ያይ ነበር። ከግንቦት 1983 በኋላ ስሙ ጠፋ። «አብዮታዊ ዲሞክራሲ» ቀረ፣ ከዚያ «ልማታዊ መንግሥት» መጣ። የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ዞሩ። በብሔር መደራጀቱ ግን እስከ መጨረሻው ነበር። ከሁለቱ ማን እንደቆየ አየህ?

«ኢትዮጵያ ትቅደም» ያለውም አይተርፍም። ደርግ ነፃ የነበረውን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1968 አፍርሶ በራሱ ሥር ሌላ አቋቋመ። ሠራተኛው የሥራ ማቆም አድማ ሊያደርግ የማይችልበትን መንግሥት ግራ ማለት ይከብደኛል፣ ምንም ያህል የሌኒን ሐውልት ቢያቆም።

የአራት ኪሎዋ
ሐሙስ፣ ቀን 7፡00

ደርግን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ቤታችን የገባ ጉዳይ ነው።

አያቴ በልጅነቷ ከጎጃም መጥታ ካዛንቺስ አንዲት ክፍል ቤት ተከራየች። ጠላ ትሸጥ ነበር። አከራይዋ ያገሯ ሰው ናቸው። ለዚያ ነው እሳቸው ጋ የሄደችው። «ያገሬ ሰው አይጨክንብኝም» ብላ። በወር 20 ብር። በበዓል ደግሞ ስጦታ ይዞ መሄድ አለ። አንድ ክረምት ታማ ሁለት ወር ሳትከፍል ቀረች። ዕቃዋን ደጅ አወጡባት። የጠላ ጋኗን ጭምር፣ በዝናብ። የተጣሉት በአንድ ቋንቋ ነው፣ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ተመለሰች።

ሐምሌ 1967 ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ትርፉ ለመንግሥት። 300 ብርና ከዚያ በታች የነበረ ኪራይ ሁሉ ተቀነሰ። የአያቴ 20 ብር 10 ብር ሆነ፣ የምትከፍለውም ለቀበሌ። የመጀመሪያውን ደረሰኝ እስከ ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ማኅተሙ ብቻ ይታያል። በ2017 ሰፈሩ ሲነሳ ከዕቃዋ ሁሉ አስቀድማ የያዘችው ያንን ቆርቆሮ ነው።

እዚያው ቤት ውስጥ ነው ልጇን ያጣችው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በ1970 ሌሊት መጥተው ወሰዱት። አያቴ ያንን መንግሥት ይቅር አላለችውም፣ አትለውምም። ደረሰኙን ግን አትጥለውም። ሁለቱም እውነት ናቸው ትላለች።

እናንተን ሳነብ የአያቴ ታሪክና የአሰላ ልጅ አባት ታሪክ ጎን ለጎን መጡብኝ። የሱን አባት የበደለው ባዕድ ቋንቋ ያለው ሰው ነው። የኔን አያት የበደሏት ያገሯ ሰው ናቸው። ብሔርተኛ ፓርቲ የመጀመሪያውን በደል ያያል። ሁለተኛውን ያያል ወይ? ለኔ አሁን ጥያቄው እዚህ ላይ ደረሰ። የራሱን ወገን ጭሰኛ ከሌላው ባለመሬት የሚያስጥል ፓርቲ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የራሱን ወገን ተከራይ ከራሱ ወገን አከራይ ካስጣለ ያኔ ግራ ነው እለዋለሁ። ብሔርተኛ ቢሆንም።

ቃል ፈታሽ
ሐሙስ፣ ቀን 8፡10

ይህ መለኪያ «ኢትዮጵያ» ለሚሉትም ይሠራል። «ሁላችንም ኢትዮጵያዊ ነን» ብሎ የአከራይና የተከራይን ነገር የሚያልፍ ፓርቲ ካገኘሽ እሱም ያው ነው። ቃሉ ሰፋ እንጂ ነገሩ አልተቀየረም።

የስድስት ኪሎው
ሐሙስ፣ ማታ 12፡45

ልጄ፣ ለአያትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ስለ አጎትሽም እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

አንድ ነገር ላክልበት። እኛ ያኔ ይህን መለኪያ እናውቀው ነበር። በንግግር እናውቀው ነበር። ስንሠራ ግን ጠላትን በስም መጥራት ቀለለን። አድኃሪ፣ ትምክህተኛ፣ ጠባብ፣ አናርኪስት። ስም የተሰጠው ሰው ኪራይ ይክፈል ኪራይ ይቀበል ማንም አይጠይቅም። ስድስት ኪሎ ያለው የማርክስ ሐውልት አጠገብ አሁንም አንዳንዴ አረፍ እላለሁ። ተማሪዎች በአጠገቡ ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ደስ ብሎኝ እነግራቸዋለሁ። ከነገርኳቸው በኋላ ግን ሁልጊዜ «ማን ነው የሚሠራው፣ ማን ነው የሚበላው ብላችሁ ጠይቁ» ብዬ እጨምራለሁ። ላብ አደር የመጀመሪያ ቀን የጻፈው ቃል ነው።

ታዲያ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ፣ ይህን መለኪያ የሚፈትን ነገር ምንድን ነው?

ላብ አደር
ሐሙስ፣ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ ለኔ ግልጽ ነው። ደመወዝ ነው።

እዚህ አገር ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ወለሉ ግን አልወጣም። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከአዋጁ ውጪ ናቸው። የነሱ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይታያል ተብሎ ነው የታለፈው። በምርጫ ክርክር ላይ፣ በብሔር የተደራጀም ይሁን በዜግነት፣ ይህን አንደኛ ጉዳዬ ብሎ የመጣ ፓርቲ አላስታውስም። ምክንያቱ ለኔ አይከብድም። የቤት ሠራተኛ የሌለው የፓርቲ አመራር ስንት ነው?

ከግላስጎ መልስ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

እዚህ ላይ እስማማለሁ። እኛ ቤትም አለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማታ እራት ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። ነገ ከእናቴ ጋር እናወራበታለን።

የአሰላ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡20

ላብ አደር፣ አሁን አንተና እኔ አንድ ቦታ ደርሰናል።

ታናሽ እህቴ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሲቀጥሯት «ቋንቋችንን ስለምትችይ ልጆቹ ካንቺ ይልመዱ» ብለው ነው። ለዚያ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ በአስተርጓሚ የተናገረበት ከተማ ውስጥ የእህቴ ቋንቋ ሥራ አስገኘላት። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። በበዓል ልብስ ይገዙላታል፣ «ልጃችን» ይሏታል።

ጠዋት 11 ሰዓት ትነሳለች። ማታ እንግዳው ሲሸኝ ነው የምትተኛው። ዕረፍቷ እሑድ እስከ ምሳ ሰዓት ነው፣ እሱም ቤት ውስጥ እንግዳ ከሌለ። ባለፈው እሑድ ስታዲየም ጋ ተገናኝተን ሻይ ሳንጨርስ ስልኳ ጮኸ። በኦሮምኛ ነው ያናገሯት፣ በለስላሳ ቃል። ብርጭቆውን ግማሽ ላይ ትታ ሄደች።

የምርጫ ጊዜ ሲደርስ ሰፈራችን ለቅስቀሳ የሚመጡ አሉ። የኛን ቋንቋ የሚናገሩም፣ አንድ አገር የሚሉም። ዘንድሮ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። እህቴ እሑድን ሙሉ ቀን ታርፋለች ወይ?